ገጽ ሦስት አጀንዳ የለውም

የልጄን ፖስታ ቀበሌው ከፍቶ እንዳነበበው ያወቅሁት ከዘበኛው ልፈፋ ነው። ዕለቱ እሑድ ነው፣ ያውም የሚያዝያ አማኑኤል። ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ ዘበኛው መስቀለኛው መንገድ ላይ ቆሞ፣ «ዛሬ አምስት ሰዓት የውይይት ክበብ አለ! ከማዕከል የመጣ ሰነድ ይነበባል! የቀረ ስኳር የለውም!» እያለ ይጮኻል። በብብቱ ሥር ቡናማ ፖስታ ሸጉጧል። የሙሉእመቤት የእጅ ጽሑፍ ከሩቅ ይታወቀኛል፤ አድራሻ ስትጽፍ መስመሩ እንደ አባቷ ወደ ላይ ይወጣባታል፣ ዳገት የጀመረች ይመስል። «ይኼ እኮ ለኔ የመጣ ነው» አልኩት። «ማኅተም አለበት፣ እትዬ ፈንታነሽ። ማኅተም ያለበት የሁላችንም ነው» አለኝና ልፈፋውን ቀጠለ።

እኔ ክፉውን አስቀድሜ የማስብ ሰው ነኝ። ደጉ ሳላስበው ቢመጣ አልጎዳም፤ ክፉው ግን ሳላስበው እንዲመጣብኝ አልፈልግም። ስለዚህ ከመስቀለኛው መንገድ እስከ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ባለችው ርቀት፣ ሁለት መቶ እርምጃ አትሞላም፣ ልጄን አንድ ጊዜ አሳሰርኳት፣ አንድ ጊዜ ከዩኒቨርሲቲ አስባረርኳት፣ አንድ ጊዜ ደግሞ በተስቦ ቀበርኳት። በሩ ላይ ስደርስ ለቀብሯ ማን እንደመጣና ማን እንደቀረ እየቆጠርኩ ነበር። የባሌ እህት አሰለፈች አልመጣችም።

ጽሕፈት ቤቱ ድሮ የአንድ ባላባት እንግዳ መቀበያ ነበር። የባላባቱ ቤተሰብ ፎቶግራፎች የተሰቀሉባቸው አራት ምስማሮች አሁንም ግድግዳው ላይ አሉ፤ በሦስቱ ላይ ሦስቱ ጢማሞች ተሰቅለዋል፣ በአራተኛው ላይ የሊቀመንበሩ ኮፍያ። ሊቀመንበራችን ሞላ ከአብዮቱ በፊት ገበያ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነበር። የሙሉእመቤትን የአንደኛ ክፍል ዩኒፎርም የሰፋላት እሱ ነው፤ አንዱ እጅጌ ከሌላው በሁለት ጣት ይረዝም ነበር። ዛሬ ፊቱ የምቆመው ግን እጄን አጣምሬ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ፖስታው የኔ ነው።»

«ያውቁታል ማለት ነው!» ብሎ ደስ አለው። «እንግዲያው ውይይቱ ላይ ማብራሪያ ይሰጡናል።»

«ሰነድ» ያለው ወረቀት አራት ገጽ ነው፤ በስቴንስል የተባዛ፣ ጥግ ጥጉ ላይ ቀለሙ የፈሰሰ። ራስጌው ላይ «የዘመናዊ ቋንቋዎች ትምህርት ክፍል ዜናና ክንውኖች» ይላል፣ ከጎኑ ክብ ማኅተም ተመቶበታል። ሙሉእመቤት እዚያ ፈረንሳይኛ ነው የምታጠናው፣ አራተኛ ዓመት። የሞላን ችግርም አልክድም፤ ለውይይት ክበቡ ከአውራጃው ጽሑፍ ከመጣ ወሩ ነው። ያችኑ አንዲት የአብዮት ትምህርት ጥራዝ ሦስት እሑድ ተወያይተንባታል፣ ባለፈው ጊዜ ሕፃናቱ ሳይቀሩ በቃላቸው ይሏት ጀምረው ነበር። ከአዲስ አበባ ማኅተም ያለበት አዲስ ወረቀት ሲያገኝ ከሰማይ የወረደለት መሰለው። ሰነዱን አልሰጠኝም። ከውስጡ የነበረችውን የልጄን ብጣሽ ደብዳቤ ግን ሳያያት አቀበለኝ። «ማኅተም የሌለው ወረቀት አናነብም፤ ጊዜም የለን» አለ፣ ጨዋነቱ እንዲታወቅለት።

እዚያው ቆሜ አነበብኳት። «እማዬ፣ እንደምን አለሽልኝ። ክፍላችን የሚያወጣውን ዜና ልኬልሻለሁ። ገጽ ሦስት ላይ ስሜ አለልሽ፣ ለአባዬ አንብቢለት። ገጽ አራት ላይ ያለው ነገር ግን የኔ ጥፋት ነው፤ እስካሁን ማንም አላወቀም። በክረምት ይዤው የመጣሁት ወፍራሙ ቀይ መዝገበ ቃላት እቤት ቀርቷል። ከመጀመሪያው ቅጠል ላይ የክፍሉ ማኅተም አለበት። እስከ ግንቦት ሁለት ካልተመለሰ ክፍላችን በሙሉ ፈተና አይቀመጥም፤ እኔ መሆኔ ከታወቀ ደግሞ አልመረቅም። ፈጥነሽ በሰው እጅ ላኪልኝ።» የተጻፈችው ሚያዝያ አራት ቀን ነው። ዛሬ ሃያ ስምንት ነው። ግንቦት ሁለት የፊታችን ሐሙስ ነው።

መጽሐፉ ከፊቴ ነበር። ከሊቀመንበሩ ጠረጴዛ ላይ፣ ከቀኝ እጁ አንድ ስንዝር ርቆ፣ እኔው ራሴ ያለበስኩትን የስኳር ጆንያ ወረቀት ለብሶ ተቀምጧል። ባለፈው ጥቅምት ቀበሌው ለንባብ ቤቱ ከየቤቱ አንድ አንድ መጽሐፍ ይዋጣ ብሎ ነበር። ያን ክፉ ዓመት ሰው መጽሐፉን ድንች ማሳ ውስጥ ሲቀብር በዓይኔ አይቻለሁና፣ ምን እንደሚል ያላወቅሁት የባዕድ መጽሐፍ ቤቴ ውስጥ ተቀምጦ እንቅልፍ ነስቶኝ ነበር። አሰብኩበት። ቀበሌው እጅ ያለ መጽሐፍ ቢፈተሽ የሚጠየቀው ቀበሌው ነው። ልብስ አልብሼ አስረከብኩት። ልጄ ረስታው የሄደች ያረጀ የራሷ መጽሐፍ ነበር የመሰለኝ። ሞላ ሳይገልጠው መዝገቡ ላይ «የውጭ መጽሐፍ፣ ወፍራም፣ አንድ» ብሎ ጻፈና ፈረመ። ንባብ ቤታችን ዛሬ አርባ አንድ መጻሕፍት አሉት፤ ሃያ ስድስቱ ያችው አንዲት ጥራዝ ናቸው። የኔው ወፍራም ግን መደርደሪያ ላይ አልዋለም። የስብሰባው ደወል ከጠፋ ወዲህ ሞላ ጸጥታ የሚያስከብረው እሱን በመዳፉ እየደበደበ ነው።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼን መጽሐፍ ለአንድ ሳምንት ብዋሰውስ?»

«ለምን?»

«ላነበው።»

«ፈረንጅኛ ያውቃሉ?»

«አላውቅም።»

«ታዲያ ምን ያደርግልዎታል? ደግሞ ዛሬ ሥራ አለው» ብሎ ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

ቤት ስደርስ ገብረየሱስ ከመስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። ባለቤቴ የፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ሠራተኛ ነው፤ ቀኑን ሙሉ የሰው ጠብ ሲያስር ሲፈታ ስለሚውል ለቤቱ ቃል አይተርፈውም። ያን መጽሐፍ ይወደው ነበር። ከመሐሉ ባለ ቀለም ሥዕሎች ነበሩበት፤ የመርዝ እንጉዳይ፣ መርከብ፣ የየአገሩ ባንዲራ። ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ ባንዲራ ሲቆጥር አመሸ። በጥቅምት፣ «የታለ?» ብሎ ጠየቀኝ፤ ሰጠሁት ስለው ምንም አላለም። እስካሁንም ምንም አላለም። ደብዳቤዋን ሰጠሁት፣ አነበባት፣ አጣጥፎ መለሰልኝ። እንደሱ ያለ ዝምታ ከሚያዩ ስድብ ይሻላል። ነጠላዬን ሳላወልቅ ወደ አሚና ሱቅ ሄድኩ።

አሚና ጎረቤቴ ናት፤ ሳሙና፣ ላምባ፣ ክብሪት ትሸጣለች። ስኳር በቀበሌው ሱቅ ወረፋው ከደረሰ አንድ ብር ከስልሳ ነው፣ ወረፋው ካልደረሰ ሌላ ቦታ ስድስት ብር ነው፣ የት እንደሆነ እኔ አልናገርም። መጽሐፉን ሳስረክብ አብራኝ ነበረች፤ እሷ የዓምና ቀን መቁጠሪያ ነበር ያዋጣችው። ሰምታኝ ስታበቃ ሚዛኗን አስቀመጠች።

«ስረቂው።»

«ምን?»

«የራስሽን መውሰድ ስርቆት አይደለም።»

«የኔ አይደለም እኮ፣ አሚና!»

«የሞላም አይደለም። ወላሂ፣ አንቺ እኮ እስር ቤቱን ሳይሠሩት ገብተሽ የምትቀመጭ ሴት ነሽ።» ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ነገ ጎሕ ሲቀድ ዕቃ ላመጣ አዲስ አበባ እወጣለሁ። ዛሬ እጄ ከገባ ማክሰኞ ማታ እልጅሽ እጅ ነው። ከዚያ ያለፈ እንደሆነ ግን እኔም አላደርሰው፣ አውሮፕላንም አያደርሰው።»

አምስት ሰዓት ላይ ሰዉ ሁሉ ተሰበሰበ፤ ስኳር ያለበት ስብሰባ ላይ ሕመምተኛ የለም። አዳራሹ የባላባቱ እህል ቤት ነበርና እስከዛሬ ገብስ ገብስ ይሸታል። ግራ እጃችንን አንስተን መፈክር አሰማን። እኔ ከፊት ተቀመጥኩ፣ አሚና ከጎኔ፣ ገብረየሱስ ከኋላ ከበሩ አጠገብ። ሞላ መጽሐፉን ጧ አድርጎ መታና ማንበብ ጀመረ። ክፍሉ አገሩ ለሚገባው የጣልያንኛ መምህር የስንብት የሻይ ግብዣ አድርጓል። ስለ አረብኛ ግሥ አንድ ጥናት ቀርቧል፣ ተሰብሳቢውም በጥሞና አዳምጧል። ከክፍሉ የቋንቋ ቤተ ሙከራ ሃያ አራት የጆሮ ማዳመጫዎች አሁን የሚሠሩት አሥራ አንዱ ናቸው። «ከዚህ ላይ ጥያቄ ያለው?» አለ ሞላ።

መሪጌታ ወልደሚካኤል እጃቸውን አነሡ። «የቋንቋ ቤተ ሙከራ ያልከው ምንድር ነው?»

ሞላ ጥቂት አሰበ። «ቋንቋ የሚሞከርበት ቤት ነው፣ መሪጌታ።»

«እኛ ታዲያ እስካሁን ሳይሞከር ነው የምናወራው?»

ሳቁ ሲበዛ ሞላ መጽሐፉን ሦስት ጊዜ መታው። በሦስተኛው ምት የስኳሩ ወረቀት ከጥጉ ተቀደደ። እማማ ውዴ፣ ጆሯቸው ከከዳቸው አሥር ዓመት የሆናቸው፣ ጎረቤታቸው ጆሮ ላይ ጮኾ ከነገራቸው በኋላ ተነሥተው፣ «የጆሮ ማዳመጫ የሚሰጡ ከሆነ እኔ ከሁሉ አስቀድሜ ልመዝገብ፤ የማይሠራውም ቢሆን ግድ የለኝም» አሉ። ተመዘገቡ። አንዱ ደግሞ ለጣልያንኛ መምህሩ ሻይ ስኳሩ ከየት እንደመጣ ጠየቀ፤ በዚህኛው ላይ ማንም አልሳቀም፣ የምር ጥያቄ ነበርና። ከዚያ ሞላ ከገጽ ሁለት ወደ ገጽ አራት አለፈ። «ገጽ ሦስትስ?» አልኩ፣ አፌ አምልጦኝ። «ገጽ ሦስትን አይቼዋለሁ፤ ሽልማት ምናምን ነው፣ አጀንዳ የለውም» አለኝ።

ገጽ አራት ግን አጀንዳ ነበረው። «ከክፍሉ ንባብ ክፍል የወጣ አንድ ትልቅ የፈረንሳይኛ መዝገበ ቃላት፣ ቀይ ሽፋን ያለው፣ እስከ ግንቦት ሁለት ካልተመለሰ...» ሞላ ቀና አለ። ከእናት ሆድ ጀምሮ ሲጠብቃት የኖረች ጉዳይ እጁ የገባች ይመስል ዓይኑ በራ። የሕዝብ ንብረት! የሕዝብ ንብረት የዘረፈ የሕዝብ ጠላት ነው! በእያንዳንዱ ቃል መጽሐፉን ይመታል። በእያንዳንዱ ምት ወረቀቱ ይቀደዳል። መጀመሪያ የአንድ ጣት ጫፍ የምታህል ቀይ ብቅ አለች። ከዚያ የአውራ ጣት። ዙሪያዬን አየሁ፤ ሁሉም የሞላን አፍ ነው የሚያየው፣ የሞላን እጅ ማንም አያይም፣ ከአሚና በቀር። አሚና ጎኔን በክርኗ እየጎሰመች በሳቅ ልትሞት ትታገላለች። እኔ ግን ወህኒ ቤት ስንቅ የሚያመላልስልኝ ማን እንደሆነ እያሰብኩ ነበር። ገብረየሱስ ወጥ መሥራት አይችልም።

ይኼ አልበቃ ብሎ አልማዝ ተነሣች። አልማዝ የወጣት ማኅበሩ ተጠሪ ናት፤ ከሙሉእመቤት ጋር አብራ ተምራ ማትሪክ ሁለት ጊዜ ወድቃለች፣ ሁለቱንም ጊዜ ስታየኝ እኔ ያረምኩት ይመስል ፊቷን አዙራለች። «ጓድ ሊቀመንበር፣ ይኼን መጽሐፍ የወሰደው ተማሪ ነው። ተማሪ ቤተሰብ አለው። ከቀበሌያችን ዩኒቨርሲቲ የገቡ ልጆች አራት ናቸው። አብዮታዊ ንቃታችንን ለማሳየት የአራቱ ቤት ከዛሬ ጀምሮ ይፈተሽ!» ጭብጨባ ሆነ። የሚፈተሸው የሌላ ሰው ቤት ሲሆን ያገራችን ሰው ለጭብጨባ አይሰንፍም። ሞላም ሊያጸድቀው እጁን አነሣ። ያ እጅ ከወረደ ያቺ ወረቀት ሙሉ በሙሉ እንደምትቀደድ አወቅሁ፤ እንዴት እንደተነሣሁ ግን አላውቅም።

«ጓድ ሊቀመንበር! መፈተሹም ማውገዙም ደግ ነው። ግን እስክንፈትሽ ሐሙስ ይደርሳል፣ የድሃ ልጆች ፈተና ይከለከላሉ። ቀበሌያችን ንባብ ቤት ውስጥ ማንም የማያነበው የውጭ መጽሐፍ አለ።» በአገጬ አሳየሁት። «በጠፋው ፈንታ እሱን እንስጣቸው። ሌላው ቀበሌ የአቋም መግለጫ ብቻ ይልካል፤ እኛ ከአቋማችን ጋር መጽሐፍ እንላክ።»

ሞላ መጽሐፉን ወደ ደረቱ ሳብ አደረገው። «ይኼን? እኔ ስብሰባውን በምን አስከብራለሁ?»

«ለመደብደብማ ሃያ ስድስቱ አሉልህ» አሉ መሪጌታ።

ሁሉም የገዛ ጫማውን ያይ ጀመር፤ መሪጌታም ያሉት ሲገባቸው ጧ ብለው አሳሉ። ሞላ ግን አልሰማም፣ ሌላ ነገር እያሰበ ነበር። ለዩኒቨርሲቲ መጽሐፍ የለገሰ ቀበሌ በክፍለ ሀገሩ ውስጥ ይኖር ይሆን? ይኼ አውራጃው ጆሮ ሲደርስ? ሐሳቡ ከግንባሩ ላይ ይነበብ ነበር። አልማዝ ግን በቀላሉ የምትለቅ ልጅ አይደለችም። «ፈረንሳይኛ መሆኑ በምን ታወቀ? ይከፈትና ይታይ!»

ያኔ ከበሩ አጠገብ ወንበር ተንቋቋ። ገብረየሱስ ቆሟል። አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ በአንድም ስብሰባ ተናግሮ አያውቅም። «ፈረንሳይኛ ነው» አለ።

«በምን አወቁ፣ ጋሼ ገብረየሱስ?»

«ከባንዲራዎቹ ሁሉ የፈረንሳይ ከፊት ነው የተቀመጠው። ሰው የራሱን ነው የሚያስቀድመው» አለና ተቀመጠ። ይኼን የሚቃወም አልተገኘም። በሙሉ ድምፅ ጸደቀ፤ ፍተሻውም መጽሐፉ ከተተካ ለምን ያስፈልጋል ተብሎ ቀረ። የአቋም መግለጫውንም አልማዝ ራሷ ጽፋ አነበበችው። አንደኛ፣ የጣልያንኛ መምህሩን የስንብት ሻይ በሙሉ ልባችን እንደግፋለን። ሁለተኛ፣ አንሠራም ያሉትን አሥራ ሦስት የጆሮ ማዳመጫዎች አጥብቀን እናወግዛለን። ሦስተኛ፣ በዘራፊ ለጠፋው መዝገበ ቃላት ምትክ ይኼንን ከጭቁኑ ሕዝብ ያበረከትን መሆናችንን እናረጋግጣለን።

ከስብሰባው በኋላ ሞላ ወደ ጽሕፈት ቤቱ ጠራኝ፤ ሐሳቡ የኔ ነውና ስጦታው ሲጻፍበት ምስክር እንድሆን። በሩን ዘጋ። ቀይ ቀለም አወጣ፣ ብዕሩን ነከረ፣ የተቀደደውን ወረቀት ገፍፎ ጣለ፣ የመጀመሪያውን ቅጠል ገለጠ። መዝገበ ቃላቱ ቀይ ነበር፣ ደም የመሰለ። ቅጠሉ ላይ ደግሞ ክብ ሐምራዊ ማኅተም፤ ጠዋት ያነበበው ሰነድ ላይ ያለው ራሱ ማኅተም። ሞላ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ዙሪያውን አነበበው፣ ልብስ ሰፊ ወገብ እንደሚለካ። ከዚያ ተነሣና መዝገቡን አወረደ። ጥቅምት የሚለው ላይ ደረሰ። «የውጭ መጽሐፍ፣ ወፍራም፣ አንድ።» ተረካቢ፣ ሞላ። ከነፊርማው። ሰባት ወር ሙሉ ይህን የተዘረፈ የሕዝብ ንብረት ይዞ፣ በሕዝብ ፊት ሲደበድበው ከርሟል።

የግድግዳውን ምስማሮች ቆጠርኩ። አራት ናቸው። እንደገና ቆጠርኩ።

«እትዬ ፈንታነሽ» አለ በመጨረሻ፣ «ይኼ ምን እንደሚል ይታይዎታል?»

«ዓይኔ ደክሟል፣ ጓድ ሊቀመንበር። መነጽር አዘዋል፣ አልገዛሁም።»

ቀና ብሎ አየኝ። ያቺን አጭሯን እጅጌ እንዳልረሳሁለት ያወቀ መሰለኝ።

«የኔም ደክሟል» አለ። ከመሳቢያው የቀበሌውን ማኅተም አወጣ፣ እፍ እፍ አለበት፣ ቀለሙ ላይ አገላበጠና ልክ በሐምራዊው ላይ አሳርፎ በሁለት እጁ ተጫነው። የኛ ማኅተም በግማሽ ጣት ይሰፋል። ከሥሩ የነበረው ክብ ሁሉ ጠፋ፤ ያለው የኛ ብቻ ሆነ። «ከደብረ ታቦር ጭቁን ሕዝብ የተበረከተ» ብሎ በቀይ ጻፈበት።

«ሌላ መጽሐፍ ቤትዎ አለ?»

«የለም።»

«ጥሩ ነው። ካገኙም አያምጡብኝ።»

ልወጣ ስል ያን ገጽ ሦስት ለመንኩት። ቀድዶ ሰጠኝ፤ አጀንዳ አልነበረውማ። ሌሎቹን ሦስት ገጾች ለሚቀጥለው እሑድ አስቀራቸው። መጽሐፉን አሚና ከሳሙና ካርቶን ውስጥ ከተተችው፤ እኔም ከስኳር ወረቀት ቀድጄ ለልጄ ሁለት መስመር ጻፍኩላት። «ስለ መጽሐፉ አንድ ቃል እንዳይወጣሽ። ቢያጨበጭቡ አብረሽ አጨብጭቢ።» አሚና አነበበችና፣ «ሰላምታ እንኳ አልጻፍሽላትም» አለችኝ። ጨመርኩበት። ከዚያ ወደ ቤት ስሄድ የነገው የአሚና አውቶቡስ የጉና ቁልቁለት ላይ ሲገለበጥ አየሁት፤ በዚያ በኩል እንደማያልፍ ትዝ ሲለኝ ወረታ ላይ ገለበጥኩት።

ገብረየሱስ ከመስኮቱ ሥር ወንበሩ ላይ ነው። ገጹን ጭኑ ላይ አስቀመጥኩለት። የሻይ ብርጭቆ ክብ አርፎበታል፣ ግን ስሟን አልነካውም። አነበብኩለት። «በክፍሉ ዓመታዊ የፈረንሳይኛ የግጥም ንባብ ውድድር የአራተኛ ዓመት ተማሪ ሙሉእመቤት ገብረየሱስ ሁለተኛ በመውጣት ባለ ክዳን ብዕር ተሸልማለች።» አንድ ጊዜ አነበብኩለት። ሁለተኛ አነበብኩለት። ገጹን ተቀብሎኝ ወደ መስኮቱ አስጠጋና ራሱ አነበበው፣ ስሟ ላይ ሲደርስ በጣቱ እየሄደ፣ ዳገት እንደሚወጣ ሰው። ከዚያ በጥንቃቄ አራት ቦታ አጥፎ ከደረት ኪሱ ከተተው፤ የኪሱንም ቁልፍ ቆለፈ።

«አንደኛ የወጣው የማን ልጅ ነው?» አለኝ።